ከሀዋሳ ወደ ስቫልባርድ፦ የክረምት ዕረፍታቸውን በአርክቲክ የምርምር ትምህርት ቤት ለሚያሳልፉ ተማሪዎች

በሀዋሳ ዝናቡ ሲከብድና ግቢው ጭር ሲል፣ በስቫልባርድ በጋ ይገባል። በአርክቲክ፣ ማለትም በሰሜን ዋልታ ዙሪያ፣ በኖርዌይ ሥር ያሉት የእነዚህ ደሴቶች ዋና ከተማ ሎንግየርብየን በ78ኛው ዲግሪ ሰሜን ላይ ትገኛለች፤ ሀዋሳ በ7ኛው። ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ፀሐይ አትጠልቅም። የሐምሌ አማካይ ሙቀት ከ6 እስከ 7 ዲግሪ ሴልሺየስ ስለሆነ፣ ቁጥሩን ያየ ተማሪ ብዙ ጊዜ «ይኼማ የባሌ ጠዋት ነው» ብሎ ያቃልለዋል። ደረቅ ልብስ ለብሶ ለሚራመድ ሰው እውነት ነው። የመስክ ሥራ ግን አብዛኛው መቆም፣ መንበርከክና መጻፍ ነው። ካልሲው የራሰ ሰው በዚያው 7 ዲግሪ፣ ነፋስ ሲጨመርበት፣ እርሳስ መያዝ እስኪያቅተው ብዙ ሰዓት አይፈጅበትም።

ከሞቃት አገር የሄደን ተማሪ ከሥራ የሚያስወጡት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ እርጥበትና ይሉኝታ። የሁለቱም መፍትሔ የሚጀምረው እዚሁ ሀዋሳ፣ ከጉዞው አምስት ስድስት ወር ቀደም ብሎ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ምክር ግማሹ እዚህ የሚሠራ፣ ግማሹ እዚያ የሚሠራ ነው።

ወረቀቱ

ዩኒስ በመባል የሚታወቀው የስቫልባርድ የዩኒቨርሲቲ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1993 የተቋቋመ ሲሆን፣ በአርክቲክ ባዮሎጂ፣ ጂኦሎጂ፣ ጂኦፊዚክስና ቴክኖሎጂ ያስተምራል። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። ወደዚያ የሚሄደው በሌላ ዩኒቨርሲቲ የተመዘገበ፣ ኮርሱን ወስዶ ወደ ግቢው የሚመለስ ተማሪ ነው። የኮርሱ ቁጥር በ200 ከጀመረ ለመጀመሪያ ዲግሪ፣ በ300 ለማስተርስ፣ በ800 ለዶክትሬት መሆኑን አውቃችሁ ከደረጃችሁ ጋር የሚሄደውን ምረጡ። ከማመልከቻው በፊት ከሬጅስትራር ሦስት ነገር አውጡ፦ ስቱደንት ኮፒ፣ ተማሪ መሆናችሁን የሚገልጽ ደብዳቤ፣ እንዲሁም የምትወስዱት ኮርስ እንደሚያዝላችሁ ዲፓርትመንቱ የሚጽፈው የድጋፍ ደብዳቤ። ሦስተኛው ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ ከተመለሱ በኋላ ግሬዱን ለማስያዝ ወዲያ ወዲህ ማለት የሚመጣውም ከዚያ ነው።

ከሁሉ በላይ ልብ ልትሉት የሚገባው ቪዛውን ነው። ስቫልባርድ ለመግባት ቪዛ አይጠየቅም። ነገር ግን ወደዚያ የሚወስደው አውሮፕላን የሚነሣው ከኦስሎ ወይም ከትሮምሶ ሲሆን፣ እነዚህ ከተሞች ሼንገን በሚባለው፣ በአንድ ቪዛ በሚገባበት የአውሮፓ አገሮች ክልል ውስጥ ናቸው፤ ስቫልባርድ ደግሞ ከሼንገን ውጭ ነው። ስለዚህ ስትሄዱ አንድ ጊዜ ሼንገን ትገባላችሁ፣ ትወጣላችሁ፤ ስትመለሱ ሁለተኛ ትገባላችሁ። ማመልከቻው ላይ «ሁለት ጊዜ መግቢያ» የሚለውን ምረጡ፤ ቪዛው ሲሰጣችሁም ቢሮውን ሳትለቁ የመግቢያውን ቁጥር አንብቡ። አንድ መግቢያ ብቻ ያለው ቪዛ የያዘ ሰው ሎንግየርብየን ይደርሳል፤ የመመለሻ በር ግን የለውም። ማመልከቻው ከጉዞው ከ6 ወር በፊት አይቀበሉትም፤ ቢያንስ ከ15 ቀን በፊት መግባት አለበት። ሁለት ወር ከግማሽ ቀድማችሁ ብታስገቡ ይሻላል፤ አንድ ወረቀት ጎድሎ አዲስ አበባና ሀዋሳ መመላለስ ቢመጣ ጊዜ ይኖራችኋል።

የጉዞ መድን ለቪዛው ቢያንስ 30,000 ዩሮ መሸፈን አለበት። ለእናንተ ግን ይህ አይበቃም። የሎንግየርብየን ሆስፒታል ትንሽ ነው፤ የጠና ሕመም ያለበት ሰው በአውሮፕላን ወደ ትሮምሶ ይወሰዳል። ውሉ ፍለጋና ማዳንን እንዲሁም በአውሮፕላን ማመላለስን እንደሚጨምር፣ ስቫልባርድን በስም እንደሚሸፍን አረጋግጡ። ጥርሳችሁንም እዚሁ አሳክማችሁ ሂዱ።

ስም ሌላው ጣጣ ነው። የእናንተ፣ የአባታችሁና የአያታችሁ ስም በፓስፖርቱ ላይ በሰፈረው ፊደልና ቅደም ተከተል በትኬቱም፣ በመድኑም፣ በመቀበያ ደብዳቤውም ላይ አንድ ዓይነት ይሁን። አንድ ፊደል ከተለያየ ዛሬውኑ አስተካክሉ። የትውልድ ቀንን ከእኛ አቆጣጠር ወደ እነርሱ ስታዞሩ ዓመቱን ብቻ ቀንሳችሁ ወይም ጨምራችሁ አትለፉ፤ ልዩነቱ እንደ ወሩ 7 ወይም 8 ዓመት ነው፤ ወሩና ቀኑም ይለወጣል።

ልብስ፦ ከጥጥ መራቅ

ጥጥ ውኃ ይይዛል፣ ቶሎ አይደርቅም፣ ሲርስ ሙቀት ከሰውነት ይስባል። ጂንስ፣ የጥጥ ቲሸርት፣ የጥጥ ካልሲ፣ የጥጥ ውስጥ ሱሪ ከመስክ ሻንጣ ይውጡ። ጋቢም ጥጥ ነው፤ እንደ ጋቢ ያለ የክፍል ውስጥ ልብስ የለም፤ ይዛችሁ ሂዱ፣ ግን ከቤት አይውጣ።

የምትፈልጉት ሱፍ ነው። ሱፍ እርጥብ ሆኖም በመጠኑ ያሞቃል፣ ላብም ቶሎ አይሸትበትም። ሀዋሳ ውስጥ ጥሩ ሱፍ የሚገኘው ሰልባጅ ተራ ነው፤ ከአውሮፓ የሚመጣ ሹራብ ውስጥ ንጹሕ ሱፍ አለ፤ ማወቅ ነው የሚጠይቀው። መጀመሪያ ከአንገቱ ሥር ወይም ከጎኑ የተሰፋውን መለያ አንብቡ። መለያው ከተቆረጠ ከውስጥ ስፌት አንድ ክር መዝዛችሁ ውጭ አውጥታችሁ በክብሪት አቃጥሉት። ሱፍ እንደ ተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ እሳቱን ስታርቁት ይጠፋል፣ አመዱ በጣት ይደቃል። ጥጥ እንደ ወረቀት ይነድዳል። ፖሊስተር ይቀልጥና ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ይሆናል። ቅልቅል ከሆነ ሁለቱም ምልክት ይታያል፤ ግማሹ ሱፍ የሆነ ሹራብ ለመካከለኛ ልብስ ይሆናል፤ ከቆዳ ለሚነካው ግን አይመከርም። ሱፍ ለብ ባለ ውኃ በትንሽ ሳሙና ይታጠባል፤ አይጠመዘዝም፤ በፎጣ ተጠቅልሎ ይጨመቃል። በፈላ ውኃ ያጠበው ሰው የልጅ ልብስ ይዞ ይወጣል።

ለስድስት ሳምንት የሚበቃው ይህን ያህል ነው። ከቆዳ የሚነካ ቀጭን የሱፍ ላይና ታች 2 ጥንድ፤ ከዚያ በላይ የሱፍ ሹራብ 1 እና ፍሊስ (ከፖሊስተር የተሠራ ለስላሳ ሹራብ) 1፤ ስትቆሙ ከላይ የሚደረብ ወፍራም ጃኬት 1፤ ከሁሉም በላይ ነፋስና ውኃ የማያስገባ ጃኬትና ሱሪ፤ የሱፍ ካልሲ 5 ጥንድ፤ ጆሮ የሚሸፍን ኮፍያ 2፤ አንገት መሸፈኛ 1። ወፍራሙ ጃኬት ከውኃ መከላከያው ላይ እንዲገባ ሰፊ ይሁን፤ ስትቆሙ ሳታወልቁ ትደርቡታላችሁ። ስትራመዱ ደግሞ በተቃራኒው ቀንሱ። «ትንሽ በረደኝ» እያላችሁ ጉዞ ብትጀምሩ ትክክል ነው፤ ሞቆአችሁ ከጀመራችሁ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ታልባላችሁ፣ ያ ላብ ስትቆሙ ወደ ብርድ ይለወጣል።

እጅ ለብቻው ይታሰብበት። ቀጭን የሱፍ ጓንት 2 ጥንድ፣ አራቱን ጣት አንድ ላይ የሚይዝ ወፍራም ጓንት 1፤ ከእነዚህ ጋር ከሱቅ የሚገዛ የዕቃ ማጠቢያ የጎማ ጓንት፣ ከእጃችሁ አንድ ቁጥር የሚበልጥ። ቀጭኑን ሱፍ ከውስጥ፣ ጎማውን ከላይ አድርጋችሁ የወንዝ ውኃ ናሙና ብትቀዱ እጃችሁ ደረቅ ይወጣል። ርካሽ ነገር ነው፤ ከውድ ጓንት ይልቅ ይጠቅማል።

ጫማ ሁለት ዓይነት ያስፈልጋል፦ ቁርጭምጭሚት የሚይዝ የተራራ ጫማና እስከ ጉልበት ሥር የሚደርስ የጎማ ቦቲ። በበጋ የላይኛው አፈር ቀልጦ ከሥሩ ያለው በረዶ ውኃውን ስለማያሳልፈው ሜዳው ረግረግ ነው፤ ብዙውን ቀን የምትውሉት በቦቲ ነው። ሁለት ካልሲ ተደርቦ ጣት የሚያንቀሳቅስ አንድ ቁጥር ሰፋ ያለ ግዙ። ጠባብ ጫማ ደም ወደ እግር ጣት በደንብ እንዳይደርስ ያደርጋል፤ ስለዚህ ሦስተኛ ካልሲ መደረብ ያባብሰዋል እንጂ አያሞቅም።

ከመነሣታችሁ በፊት ጫማውን፣ የቦርሳውን ኪስና የሱሪውን ጫፍ በብሩሽና በሳሙና እጠቡ፤ በሶሉ ጥርስ መሐል የተሰነቀረውን ጭቃ በሚስማር አውጡ። ይህ የንጽሕና ጉዳይ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2008 ሎንግየርብየን አየር ማረፊያ ላይ የመንገደኞች ጫማ ተመርምሮ በአማካይ በአንድ ሰው ወደ 4 የሚሆን የዕፅዋት ዘር ተገኝቷል፤ የበቀለም ነበረበት። የሀዋሳን የአረም ዘር ወደዚያ ይዞ መሄድ ልታጠኑት የሄዳችሁትን ነገር ማበላሸት ነው።

ሙከራው

ልብሱ ከመሄዳችሁ በፊት በእውነተኛ ብርድ መፈተን አለበት። ለሀዋሳ ሰው ቅርቡ ባሌ ነው። በታኅሣሥ ወይም በጥር፣ ሰማዩ ጠርቶ ሌሊቱ ውርጭ በሚጥልበት ጊዜ፣ በሻሸመኔ፣ ኮፈሌ፣ ዶዶላና አዳባ አድርጋችሁ ወደ ዲንሾ ውጡ። የፓርኩ ዋና ጽሕፈት ቤት እዚያ ነው፤ መግቢያ ከፍላችሁ አስጎብኚ ይዛችሁ ሁለት ሌሊት በድንኳን እደሩ። የሳነቴ አምባ 4,000 ሜትር አካባቢ ከፍታ ስላለው ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከመጣ መውረድ ብቻ ነው መድኃኒቱ፤ ስቫልባርድ ላይ ይህ ችግር የለም፣ ሥራው ባሕር ጠለል አጠገብ ነው።

ፈተናው እንዲህ ነው። ጎህ ሲቀድ ልብሱን ሁሉ ለብሳችሁ ሳትንቀሳቀሱ አንድ ሰዓት ቁሙ፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ቀጭኑን ጓንት ሳታወልቁ ሃምሳ መስመር ቁጥር ጻፉ። ጣታችሁ በስንተኛው ደቂቃ እንደደነዘዘ መዝግቡ። ከዚያ አንድ ሰው ውኃ መከላከያው ጃኬት ላይ ለአሥር ደቂቃ ውኃ ያፍስስባችሁ፤ በትከሻና በዚፕ በኩል ከገባ ጃኬቱ አይሆንም። ዚፑንም፣ የቦርሳውን ማሰሪያም በወፍራሙ ጓንት ክፈቱ፣ ዝጉ። የማይያዝ ዚፕ ላይ ገመድ እሰሩበት።

የሰውነቱ ዝግጅት ሀዋሳ ውስጥ ይበቃል። ከ12 እስከ 15 ኪሎ ጭነት ይዛችሁ በሳምንት ሦስት ቀን ታቦር ተራራን ውጡ፣ ውረዱ፤ ቦቲውን አድርጋችሁ። ዋና የማትችሉ ከሆነ ተማሩ፤ ግን ሐይቁ ውስጥ አይደለም፤ ጉማሬም ብልሃርዝያም አለበት። ሆቴል ገንዳ ሄዳችሁ 200 ሜትር ሳታርፉ መዋኘት እስክትችሉ ተለማመዱ። የሐይቁን የጀልባ ልምምድ ግን አትናቁ፤ ተንሳፋፊ ነገር ላይ ቁጭ ብሎ ናሙና መቅዳት፣ ጠርሙስ መለጠፍ፣ ጥልቀት መለካት እዚያም እዚህም አንድ ሙያ ነው።

ምግብና ሻንጣ

ወደ ኖርዌይ ከእኛ አገር ሥጋም የወተት ውጤትም ማስገባት አይፈቀድም። ቋንጣና ንጥር ቅቤ ስለዚህ ይቀራሉ። ጫት በኖርዌይ ሕግ አደንዛዥ ዕፅ ነው፤ ለጓደኛ አድርሱልኝ የተባለ ጥቅልም ቢሆን አትቀበሉ። ሽሮ፣ በርበሬ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና ቡና ችግር የለባቸውም፤ በታሸገ ላስቲክ ውስጥ ስማቸው በእንግሊዝኛ ተጽፎ ይግቡ። በተለይ በሶ ለመስክ የተሠራ ምግብ ነው፦ ምድጃ አይፈልግም፣ 100 ግራሙ ወደ 350 ኪሎ ካሎሪ ይሰጣል፣ በፔርሙስ ሙቅ ውኃና በስኳር ቢበጠበጥ በብርድ ጊዜ ከሁሉም ቀድሞ ይደርሳል። በየቀኑ ኪሳችሁ ውስጥ 200 ግራም ይኑር።

ኦርቶዶክሳውያን የፍልሰታ ጾም ነሐሴ 1 ስለሚገባ ከወዲሁ ለማዕድ ቤቱ ተናገሩ። «ጾም» ብትሉ አይገባቸውም፤ «ቪጋን» በሉ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበሉ መዋል ግን ከመስክ ቀን ጋር አይሄድም፤ የራበው ሰው ሰውነቱ በቂ ሙቀት አያመነጭም። ይህን ከመሄዳችሁ በፊት ከንስሐ አባታችሁ ጋር ጨርሱት። ሙስሊም ተማሪዎችም ፀሐይ በማትወጣበትና በማትጠልቅበት ቦታ የሶላት ሰዓት በምን እንደሚያዝ ኢማማቸውን ጠይቀው ይሂዱ።

ገንዘብን በተመለከተ እዚያ የሚሠራው ካርድ ነው። ራሱን ማስተዳደር የማይችል ሰው በስቫልባርድ የሚያገኘው ድጎማ የለም፤ አስተዳደሩ ሊያስወጣውም ይችላል። የተረሳ ጓንት ወይም ካልሲ ቢኖር የተጨማሪ እሴት ታክስ ስለሌለ ከኦስሎ ይልቅ ሎንግየርብየን ላይ ግዙ።

ሰዓቱ

የእኛ የሰዓት አቆጣጠር ከፀሐይ መውጣት ይጀምራል፤ እዚያ ፀሐይ አትወጣም፣ አትጠልቅም፣ ሰማይ አይታችሁ ሰዓት መገመት አይቻልም። ሁሉም ነገር በ24 ሰዓት ይነገራል። ጀልባው በ8 ይነሣል ከተባለ በእኛ ጠዋት 2 ሰዓት ማለት ነው፤ በ20 ከተባለ ማታ 2 ሰዓት። ስልካችሁን በ24 ሰዓት አድርጉ፤ የአማርኛውን ሰዓት የሚያሳይ መተግበሪያ ለጊዜው አጥፉ። በበጋ እነርሱ ከእኛ በአንድ ሰዓት ወደኋላ ናቸው። ለውሂብ ግን የትኛውም አይጻፍም፤ የመረጃ ወረቀቱ ላይ ዓመተ ምሕረቱን በፈረንጅ፣ ዓመት፣ ወር፣ ቀን በሚል ቅደም ተከተል፣ ሰዓቱንም በዓለም አቀፉ ዩቲሲ ጻፉ፤ ይህም ከእኛ 3 ሰዓት ይቀንሳል።

እዚያ የሚተኛው ሰዓት ታይቶ እንጂ ድካም ተጠብቆ አይደለም። መኝታ ክፍሉ መጋረጃ ቢኖረውም ድንኳኑ ግን የለውም፤ ዓይን የሚሸፍን ወፍራም ጥቁር ጨርቅ ያዙ። ሦስት ሌሊት በአራት አራት ሰዓት እንቅልፍ የሠራ ሰው የናሙና ቁጥር መሳሳት ይጀምራል።

ድብ ጥበቃ

ከከተማው ክልል ውጭ ማንም ብቻውን አይሄድም። ከሰፈር የሚወጣ ሁሉ የዋልታ ድብን የሚያስፈራራበትና የሚያባርርበት መሣሪያ እንዲይዝ ሕጉ ያዝዛል፤ በተግባርም ብርሃንና ፍንዳታ ያለው ምልክት የሚተኩስ ሽጉጥና ጠመንጃ ይያዛል። ትምህርት ቤቱ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ስለ ደኅንነትና ስለ ጠመንጃ ያሠለጥናችኋል። ከዚያ የምታስታውሱት አንድ ነገር ቢሆን ይህ ይሁን፦ ጠመንጃው ሲጓዝ ጥይቱ በካዝናው ውስጥ ነው፣ ለመተኮስ ጥይት የሚጎርስበት ክፍል ግን ባዶ ነው።

ተማሪው ተራው ሲደርሰው የሚሠራው የድብ ጥበቃ የሚበላሸው በደግነት ነው። ጓደኛው ሁለት ዕቃ ይዞ ሲንገዳገድ ያያል፣ ዘንጉን ልያዝልህ ይላል፣ አምስት ደቂቃ ጀርባውን ለሸለቆው ይሰጣል። ጥበቃ ላይ ያለ ሰው ናሙና አይይዝም፣ አይጽፍም፣ ስልክ አይነካም። ከፍ ያለ ቦታ ላይ ቆሞ በየጥቂት ደቂቃው ዙሪያውን በሙሉ በመነጽር ይቃኛል፤ ከጀርባ ያለውን ኮረብታ፣ የባሕሩን ዳርና ተንሳፋፊውን በረዶ ሳይዘልል። አንድ ሰዓት ካለፈ ዓይን ይሰለቻል፤ ተራ ይቀየር።

ድብ ከታየ ሁሉም ዕቃውን ትቶ ይሰበሰባል፤ ወደ ጀልባ ወይም ወደ ጎጆ ቀስ ብሎ ይመለሳል፤ አይሮጥም። የሚፈነዳው ምልክት በእናንተና በድቡ መካከል መውደቅ አለበት። ድቡን አልፎ ከኋላው ከፈነዳ ድንጋጤው ወደ እናንተ ያመጣዋል። ድብን ለማየት ብሎ መቅረብ ክልክል ነው፤ ከጥር 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ርቀቱ ቢያንስ 300 ሜትር፣ ከመጋቢት መጀመሪያ እስከ ሰኔ 30 ድረስ በፈረንጅ አቆጣጠር ደግሞ 500 ሜትር ነው።

ቀበሮ የእብድ ውሻ በሽታ ስለሚይዝ አትንኩት፣ አትመግቡት። ጎጆዋን የምትከላከል ነጭ የባሕር ወፍ ራስ ላይ ከወረደች ዘንግ ከራሳችሁ በላይ ከፍ አድርጉ፤ የምትመታው ከፍተኛውን ጫፍ ነው።

የቀለጠውን መሬት መለካት

በበጋ ተማሪ በብዛት የሚሠማራበት ሥራ ይህ ነው፤ ቀላል ይመስላል፣ ብዙ የተበላሸ መረጃም ከዚህ ይወጣል። ፐርማፍሮስት ዓመቱን ሙሉ የማይቀልጥ መሬት ነው፤ ከላዩ በበጋ የሚቀልጠው ንብርብር ግን በየዓመቱ ይለያያል። በአድቬንትዳለን ሸለቆ ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚለካው ሜዳ በዓለም አቀፍ ደንብ የተሠራ ነው፦ 100 ሜትር በ100 ሜትር፣ በየ10 ሜትሩ አንድ ነጥብ፣ በድምሩ 121 ነጥብ። የሚቀልጠው ንብርብር በዚያ 1 ሜትር አካባቢ ነው።

መሣሪያው ሳንቲሜትር የተቀረጸበት፣ ውፍረቱ 1 ሳንቲሜትር ገደማ የሆነ፣ ሜትር ተኩል የሚደርስ የብረት ዘንግ ነው። ከአንዱ ጥግ ጀምሩ፤ ነገም በሚቀጥለው ሳምንትም ከዚያው ጥግ። ዘንጉን ቀጥ አድርጋችሁ በሰውነታችሁ ክብደት ግፉ፣ አትወዝውዙት። ሲቆም አውራ ጣታችሁን ከመሬቱ ጋር ባለው ነጥብ ላይ አሳርፉና ሳትለቁ ምዘዙት። መሬቱን የሸፈነውን ለስላሳ ሽበት (ሞስ) በክንዳችሁ ካደቀቃችሁት ቁጥሩ ሦስት አራት ሳንቲሜትር ያድጋል፤ «መሬት» የምትሉት የሽበቱ ጫፍ ወይስ ሥሩ እንደሆነ በመጀመሪያው ቀን ከቡድኑ ጋር ወስናችሁ በደብተሩ የፊት ገጽ ጻፉት። በአንድ ነጥብ ሁለት ጊዜ ለኩ፤ ሁለቱንም ጻፉ፣ አማካዩን በጭንቅላታችሁ አታውጡ።

ዘንጉ የቆመው በረዶ ላይ ነው ወይስ ድንጋይ ላይ? ድምፁና ስሜቱ ይነግራችኋል። ድንጋይ ጥርት ብሎ ይጮኻል፣ እጅንም ይመልሳል፤ የበረደ አፈር ደፈን ያለ ድምፅ አለው፣ ጫፉም ትንሽ ይነክሳል። ከተጠራጠራችሁ 20 ሳንቲሜትር ፈቀቅ ብላችሁ ድገሙ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው በ15 ሳንቲሜትር ከጠለቀ መጀመሪያው ድንጋይ ነበር። እግራችሁንም ጠብቁ፤ በየነጥቡ አጠገብ የሚረገጠው መሬት ይጨመቃል፣ ሣሩ ይሞታል፣ ከዚያ በጥልቀት ይቀልጣል። በአሥር ዓመት ውስጥ የሚለካው የተማሪ እግር ይሆናል ማለት ነው። ሁልጊዜ በነጥቡ በአንድ ወገን ብቻ ቁሙ።

የሚለካው ይጠራል፣ የሚጽፈው ይደግማል። በነፋስ ውስጥ «ፊፍቲን» እና «ፊፍቲ» አይለዩም፤ አሐዙን ነጥላችሁ «ዋን ፋይቭ»፣ «ፋይቭ ዜሮ» በሉ። በእርሳስ ጻፉ፤ እስክሪብቶ በብርድና በእርጥበት ይቆማል። በሐምሌ የለካችሁት ጥልቀት የዓመቱ ትልቁ አይደለም፤ መቅለጡ በፈረንጅ ነሐሴ መጨረሻና መስከረም መጀመሪያ ላይ ይጠልቃል። ሪፖርት ላይ «የንብርብሩ ውፍረት» ብላችሁ ከጻፋችሁ ስሕተት ነው፤ «በዚህ ቀን የቀለጠው ጥልቀት» በሉ።

ጂፒኤስ ላይ የእኛ ሰው የሚሠራው አንድ ስሕተት አለ። ዩቲኤም በሚባለው የካርታ አከፋፈል ሀዋሳ በ37ኛ ቀጠና ነው፤ በብዙ የአገራችን ካርታ ላይ ያለው የመለኪያ መነሻ (ዳተም) ደግሞ አዲንዳን ነው። መሣሪያውን ሳታስተካክሉ ይዛችሁት ከሄዳችሁ ነጥቡ ከ200 ሜትር በላይ ሊዛነፍ ይችላል። ሎንግየርብየን ላይ ቀጠናውን 33ኤክስ፣ መነሻውን ደብሊውጂኤስ 84 አድርጉና የሚታወቅ ምልክት ላይ ቆማችሁ ፈትሹ። ባትሪውን በደረት ኪስ ያዙ፤ በውጭ ኪስ የቀረ ባትሪ ሙሉ ሆኖ ሳለ ባዶ ነኝ ይላል።

ከሎንግየርብየን በስተሰሜን ምዕራብ ወዳለችው የምርምር መንደር ኒ-ኦለሱንድ ከተላካችሁ ሌላ ደንብ አለ። ከሩቅ ሰማይ የሚመጣ ደካማ የሬዲዮ ምልክት የሚቀበል አንቴና ስላለ ዋይፋይና ብሉቱዝ መጠቀም ክልክል ነው፤ ከአውሮፕላን ስትወርዱ ስልክ፣ ላፕቶፕ፣ የእጅ ሰዓት ሁሉም ይጥፉ። ሽቦ የሌለው ጆሮ ማዳመጫና ማውስ አይሠራም፤ የገመድ ይዛችሁ ሂዱ።

ውኃ ላይና ወንዝ ውስጥ

በጀልባ የሚሄድ ሁሉ ሰውነትን ሙሉ የሚሸፍን የማዳኛ ልብስ ይለብሳል። ዚፑን እስከ ጉሮሮ ዝጉ፤ «ይሞቃል» ብሎ ግማሹን የከፈተ ሰው ሲወድቅ ልብሱ ውኃ ይሞላል። ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ለወደቀ ሰው 1፣ 10፣ 1 የሚባል ደንብ አለ፦ ትንፋሽን ለማረጋጋት 1 ደቂቃ፣ እጅና እግር የሚታዘዝበት ወደ 10 ደቂቃ፣ ራስን እስኪስት ወደ 1 ሰዓት። ስለዚህ መጀመሪያ መዋኘት አይደለም፤ አፍን ከውኃ አውጥቶ መተንፈስ ነው። ከዚያ ጣቶች ሳይደነዝዙ ገመድ መያዝ።

ከበረዶ ግግር የሚወርድ ወንዝ ጠዋት ያነሰ፣ ከሰዓት በኋላና ማታ የሞላ ነው፤ ቀኑን የቀለጠው ውኃ ዘግይቶ ይደርሳል። ጠዋት በቁርጭምጭሚት የተሻገራችሁት ማታ ከጉልበት በላይ ሊሆን ስለሚችል የመመለሻውን ሰዓት ስትነሡ ወስኑ። ስትሻገሩ የቦርሳውን የወገብ ማሰሪያ ፍቱ፣ ፊታችሁን ወደ ላይኛው ወራጅ አድርጉ፣ በዘንግ ተደገፉ።

«በረደኝ» ማለት

ይህ ከሁሉም የሚከብደው ነው። ከእኛ ቤት የወጣ ልጅ ታላቅ ሰው እየሠራ «ደከመኝ» አይልም፤ እንግዳ ቤት «በረደኝ» ማለት ያስነውራል። እዚያ ዝምታ የቡድን ሸክም ነው፤ ቀድሞ ቢነገር በአምስት ደቂቃ የሚፈታ ነገር ሲዘገይ ሥራውን በሙሉ ያስቆማል። ፕሮፌሰሩ በስሙ ብቻ ይጠራል፣ ማዕረግ አይደረግም፤ «አልገባኝም» የሚል ተማሪም አይናቅም። መጀመሪያ ቀን ለቡድኑ መሪ ከሞቃት አገር መምጣታችሁንና እጃችሁ በስንት ደቂቃ እንደሚደነዝዝ ንገሩ፤ የባሌው ሙከራ ቁጥር የሚጠቅመው እዚህ ነው።

ይህ ለመጠንቀቅ ሲባል ብቻ የሚነገር አይደለም። በእንግሊዝና በአሜሪካ ጦር የተደረጉ ጥናቶች የአፍሪካ የዘር ግንድ ያላቸው ወታደሮች በእጅና በእግር ብርድ ጉዳት ከሌሎቹ ይልቅ እንደሚጠቁ አሳይተዋል። በጥቁር ቆዳ ላይ ደግሞ በመማሪያው ሥዕል ላይ የምታዩት ንጣትና ቅላት በግልጽ አይታይም። ስለዚህ በዓይን አትተማመኑ፤ በየሰዓቱ ጓንት አውልቃችሁ አንዱ የሌላውን ጣት ጫፍ፣ ጆሮና አፍንጫ ይዳስስ። ቆዳው አመዳማ፣ እንደ ሰም ለስላሳና ቀዝቃዛ ከሆነ፣ ስሜትም ካጣ፣ በብብት ወይም በጓደኛ ሆድ ላይ አሙቁት። በበረዶ ወይም በእጅ ማሸት ቆዳውን ይጎዳል። ምድጃ ላይ ማስጠጋትም አይቻልም፤ ስሜት የሌለው ጣት ሲቃጠል አይታወቀውም።

መላ ሰውነት መቀዝቀዙን የምታውቁት በአንደበትና በእጅ ነው። ሰውየው ቃል ይጎትታል፣ ዕቃ ይጥላል፣ ይደናቀፋል፣ ዚፕ መዝጋት ያቅተዋል፣ «ደኅና ነኝ» እያለ ይቆጣል። ይህን ስታዩ ሥራው ይቁም። እርጥቡን አውልቁ፣ ደረቅ አልብሱ፣ ከመሬት በምንጣፍ ለዩት፣ በነፋስ መከላከያ ከረጢት ውስጥ አስገቡት፣ መዋጥ ከቻለ ሞቅ ያለ ጣፋጭ ነገር ስጡ። መጠጥ አይሰጥም። መንቀጥቀጡ ካቆመና ሰውየው ካልሞቀ ድንገተኛ ነው፤ በሳተላይት ስልክ ወይም በሬዲዮ ይጠራ። በከተማው ክልል የሐኪም ቁጥር 113፣ የፖሊስ 112 ነው።

ከመመለሳችሁ በፊት

የመጨረሻው ሳምንት ለማሸግ ብቻ አይደለም፣ ለመረጃም ያስፈልጋል። የደብተሩን እያንዳንዱን ገጽ በስልክ አንሡ፤ ደብተሩ ራሱ እዚያው ይቀራል። በጠርሙሱ ላይ ያለውን መለያ ከመዝገቡ ጋር አንድ በአንድ አስተያዩ፤ ውጭ የተለጠፈ ወረቀት በፍሪጅ ውስጥ ስለሚላቀቅ ሌላ መለያ በእርሳስ ጽፋችሁ ከጠርሙሱ ጋር በላስቲክ ውስጥ አድርጉ። የአፈርና የዕፅዋት ናሙና ወደ አገር ይዞ መምጣት ያለ ፈቃድ አይሞከርም፤ ግሬዱንም፣ የቀጣዩን ተማሪ ዕድልም ያበላሻል። ወደ ሬጅስትራር የሚሄደውን የኮርስ ማረጋገጫ ማኅተም ያለበትን ቅጂ በእጃችሁ ይዛችሁ ውጡ፤ ከሀዋሳ ሆኖ በኢሜይል መለመን ወራት ይወስዳል።